ኦርጋኑ ለማሲንቆው ይቃኝ


በደባርቅና በዳባት ሰርግ ላይ ማሲንቆ ከኦርጋን ጋራ ሲገናኝ፤ ወጣቶች «ማሲንቆው ሳተ» ይላሉ። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ኦርጋን ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ያለውን ርቀት በ12 እኩል ከፍሎ የተቃኘ ነው፤ ይኸውም ለአመቺነት የተደረገ ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በአውሮፓ እንኳ፤ ጀርመናዊው ባኽ በ1722 እ.ኤ.አ. ዝነኛውን የክላቪር መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፤ የመሣሪያዎች ቅኝት ልዩ ልዩ ነበር። አዝማሪው ግን ትዝታን፤ ባቲን፤ አምባሰልንና አንቺሆዬን በአንዲት ጭራ ላይ በጣቱና በጆሮው ያገኛቸዋል። ዛሬ ብዙ ኦርጋኖች የየድምፁን ልክ ማረሚያ አላቸው። ስለዚህ መምህራን ኦርጋኑን ለማሲንቆው ይቃኙት፤ አለዚያ የልጆቻችን ጆሮ የአባቶቹን ቅኝት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይረሳዋል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአምባራስ