የአያት ጠገራ ስንት ያወጣል?



በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአራዳ ነባር ሠፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ተነሥቷል። ቤት ሲለቀቅ ደግሞ የአያት ሣጥን መከፈቱ፣ ከሥሩም ጠገራ ብር መገኘቱ ያለ ነው። ወደ ብር ሠሪ ከመሮጥ በፊት ግን የያዙትን ማወቅ ይበጃል።

ጠገራ የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ነው። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊት በአራዳ ገበያ ዋናው መገበያያ እሱ ነበር። ላዩ ላይ 1780 ስለተጻፈ አንዳንዱ «ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ቅርስ ነው» ብሎ ይጓጓል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ ዓመቱ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም።

ዋጋው ያለው በማዕድኑ ነው። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ በ23.4 ብናባዛ መነሻውን እናገኛለን። ብር ሠሪው ለትርፉ ጥቂት ቢቀንስ ያግባባል፤ ግማሹን ቢል ግን ሌላ ሱቅ መጠየቅ ነው። ክብደቱ በብዙ የጎደለውን ወይም ማግኔት የሚስበውን መጠርጠር ይገባል።

የምኒልክ ብር ግን ሌላ ነው። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የተመታው ይህ ብር በክብደቱ ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም፣ ገጹ ያልተፋቀና ያልተበሳ ከሆነ ሰብሳቢዎች ከማዕድኑ ዋጋ በላይ ይከፍሉበታል። እሱን ለማቅለጫ መስጠት ክስረት ነው። እንዲያበራ ብሎ በአሸዋ ማሸትም ዋጋውን ይገድላል።

ከዋጋው ባሻገር ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ሟች የተወው ጠገራ የወራሾች ሁሉ ሐቅ ነው፤ ዋጋውን የሚያውቀው ወንድም ከማታውቀው እህቱ ሊደብቅ አይገባውም። ሁለተኛ፣ የብር ኒሳብ 595 ግራም ነው በሚለው ስሌት 26 ጠገራ ያለውና ዓመት የዞረበት ሰው ዘካት፣ ማለትም ከመቶ 2.5፣ ያወጣል። ሴቶች የሚያጌጡበትን በተመለከተ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ዐሊም መጠየቅ ነው። ሦስተኛ፣ ጠገራን በብር ቀለበት ስንለውጥ ክብደቱ ካልተስተካከለና እጅ በእጅ ካልሆነ ሪባ ይገባበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠገራውን በገንዘብ ሸጦ ቀለበቱን በገንዘብ መግዛት።

እንግዲህ ሣጥኑ ሲከፈት ወራሾች በተሰበሰቡበት ቆጥሩት፣ መዝኑት፣ በወረቀትም ጻፉት። ሽያጩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወላሁ አዕለም።