ግብር በሌለበት አገር «የግብር ተቀናሽ»

በባይሽና በአካባቢዋ ከሚሠሩ ወገኖቻችን ጋር በየዓርቡ ስንገናኝ ደጋግመን የምንሰማው አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «ግብር ስለ ጨመረ ደመወዜ ተቆረጠ» የሚል ነው። አባባሉ የሚዘወተረው በተለይ ቀን በአንዱ፣ ማታ በሌላው አሠሪ ዘንድ በሚሠሩት መካከል ነው። «ሁለት ሥራ ያለው ሁለት ግብር አለበት» እየተባሉ ከሁለቱም በኩል ይቀነስባቸዋል። ይህ አባባል ሐሰት ነው። ሐሰትነቱን፣ ደግሞም ማንን እንደሚጠቅም ማስረዳት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

በመሠረቱ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው የግብር ጉዳይ በሌሎች አገሮች እውነተኛ ጥያቄ ነው። አገራችንን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል። በመንግሥት ሆስፒታል 10,000 ብር፣ ማታ በግል ክሊኒክ 6,000 ብር የምታገኝ ነርስ ብትኖር፣ አንደኛው አሠሪ 1,650፣ ሌላው 700፣ በድምሩ 2,350 ብር ይቀንሳሉ። ደመወዟ ተደምሮ 16,000 ብር ተብሎ ቢሰላ ግን ግብሩ 3,550 ብር ይሆናል። የ1,200 ብር ልዩነት የሚመጣው እያንዳንዱ አሠሪ ሌላው የሌለ ይመስል ከነጻው እርከን ስለሚነሣ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ ያውቁታል፤ ሠራተኛው ለአሠሪው የሚሞላው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2020 ከታደሰ ወዲህ፣ ሁለት ሥራ ያለው ሰው ምልክት አድርጎ ተቀናሹን የሚያስተካክልበት ቦታ አለው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ግን የሚስተካከል ነገር የለም፤ ምክንያቱም ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቆረጥ የገቢ ግብር የለም። አንድ ሥራም ይሁን ሁለት፣ ግብሩ ዜሮ ነው። ሠራተኛው በግልጽ የሚከፍለው ግብር ሱቅ ሲገባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ5 በመቶ ተጀምሮ ከሐምሌ 2020 ወዲህ 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ማለት ነው።

ታዲያ የሚቆረጠው ምንድን ነው? በአብዛኛው የአሠሪው ዕዳ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በእያንዳንዱ የውጭ ሠራተኛ ላይ የሚያስከፍለውን ክፍያ በየዓመቱ ሲያሳድግ ቆይቶ፣ በ2020 በወር 700 ወይም 800 ሪያል አድርሶታል፤ ለትንንሽ ድርጅቶችና ለፋብሪካዎች የተለየ አስተያየት ተደርጓል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሥራ ሕግ በአንቀጽ 40 የኢቃማና የሥራ ፈቃድ ማውጫና ማሳደሻ ወጪ፣ የመዘግየት ቅጣቱም ጭምር፣ በአሠሪው ላይ እንዲወድቅ ደንግጓል። ለውጭ ሠራተኛ የሚከፈለው የ2 በመቶ የሥራ ላይ አደጋ ዋስትናም የአሠሪው ነው። አንቀጽ 92 ደግሞ በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በስተቀር ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ መቀነስን ይከለክላል። ስለሆነም «ግብር» የሚለው ቃል የአሠሪን ወጪ ወደ ሠራተኛው ኪስ ማሻገሪያ ሆኗል።

ሁለት ሥራ ያለው ሰው ይህን ለምን ይቀበላል? መልሱ በአንቀጽ 39 ይገኛል። ሕጋዊው ሥርዓት ሳይፈጸም ከስፖንሰሩ ውጭ ለሌላ መሥራት የተከለከለ ነው። የማታው አሠሪ ይህን ያውቃል፤ የቀኑም ሲደርስበት መያዣ ያደርገዋል። ኢቃማ ሳይኖረው በየመን በኩል የገባው ወገናችን ደግሞ ከዚህ የባሰ አፉ የተዘጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በተደረገው ዘመቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸውን ማንም አልረሳም።

አንዳንድ ወገኖች «ዝም ማለት ይሻላል፤ ጥቂት ቢቆረጥ እንጀራ አይጠፋም» ይላሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም። ነገር ግን የተቆረጠው ገንዘብ የሚተካው በተጨማሪ ሰዓት ነው። በዚህ የጂዛን ቆላ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ ረዥም ሰዓት መሥራት ኩላሊትን እንደሚጎዳ ሕክምና የምንማር ሁሉ እናውቃለን። በየወሩ በሐሰት ስም 200 ሪያል የሚቆረጥበት ሰው በዓመት 2,400 ሪያል ያጣል። ይህ ለእናቱ ሊልከው ያሰበው ገንዘብ ነው።

ምን ይደረግ? አቋማችን የሚከተለው ነው።

1ኛ/ «ለግብር» ተብሎ ሲቀነስ በጽሑፍ ይሰጠኝ ማለት ይለመድ። በየወሩ የተሰጠውና የተቀነሰው ከነቀኑ ይመዝገብ፤ ምን እንደሚል ያልተረዱት የዓረብኛ ወረቀት አይፈረም።

2ኛ/ ሁለተኛ ሥራ የፈለገ አስቀድሞ «አጂር» በሚባለው የማዋዋያ ሥርዓት ወይም በዝውውር በኩል ሕጋዊ መንገድ መኖሩን ይጠይቅ። ሕገ ወጡ ሥራ ዛሬ ከሚያስገኘው ይልቅ ነገ የሚያስከፍለው ይበልጣል።

3ኛ/ አቤቱታ ጊዜ አለው፤ ሠራተኛው ከሥራ ከተለየ 12 ወር ካለፈ አይሰማለትም። የቤት ሠራተኞች በሥራ ሕጉ ሳይሆን በራሳቸው ደንብ ስለሚተዳደሩ ጉዳያቸው ለብቻው ይታይ።

4ኛ/ ማኅበራችን ዓረብኛ የሚያነቡ አባሎቹን መድቦ በየዓርቡ የወገኖቻችንን የደመወዝ ወረቀትና ውል ያንብብላቸው። የማንንም ስም አይመዝግብ፤ የማንንም ኢቃማ አይጠይቅ።

እኛ በነጻ ትምህርት ዕድል የመጣን ነን፤ ምግባችንና መኝታችን ተችሎናል። ያለን ነገር ፊደልና ቋንቋ ነው። ይህንንም ለራሳችን ፈተና ብቻ ካዋልነው፣ አንድ ሰዓት ርቆ ላቡን የሚያፈሰው ወገናችን የማያነበውን ወረቀት ሲፈርም ቆመን እንደማየት ይቆጠራል። በሚቀጥለው ስብሰባ አራተኛው ነጥብ በአጀንዳ ይያዝልን።