ቀለሃ ለቃሚዎች

ባለፈው ለዘመድ ሠርግ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ቆላው እንደ ልማዱ ይጋግራል። ሙሽራው ሲገባ ተኩሱ ቀለጠ። ልጆች በእግራችን መሐል እየተሽሎኮሎኩ ቀለሃ ይለቅማሉ። ለመጫወቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰብሳቢ አለው! የእህቴ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ውጭ አገር ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሽጉጥ ጥይት ይሞላል አሉ። እዚህ ዋጋው እሳት ሆኗል። መሙያዋን በሰው ቢያስመጡልኝ?» አይለኝ መሰላችሁ!

የሰማው ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቀለሃ እየሞሉ ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች አሉ። እዚያ ግን ባሩዱ ዓይነቱ ተጽፎበት ከሱቅ ይገዛል፤ ለየጥይቱ ተፈትኖ የተዘጋጀ መመሪያ አለ። እንዲያም ሆኖ ይሳሳታሉ። ባሩዱ ከበዛ ሽጉጡ እጅ ላይ ይፈነዳል። ካነሰ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፤ የሚከተለው ጥይት መሣሪያውን ከነባለቤቱ ይበትነዋል። እኛ ምንነቱ ያልታወቀ ባሩድ ይዘን፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ልንሞላ ነው?

«አባቶቻችንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ገንዘቡን ወደ ሰማይ የሚረጭ ሰው ታውቃላችሁ? እኛ ግን እንረጨዋለን። የተረጨው ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ የሚያርፈው የሰው ጣሪያና የሰው አናት ላይ ነው።

«ታዲያ ራሳችንን በምን እንጠብቅ?» በዚህ ጥያቄ አላፌዝም። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ያየ፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሸ የይፋት ሰው «መሣሪያህን ጣል» ቢሉት አይሰማም። ቢፈርዱበትም ግፍ ነው። ሰውን የመጠበቅ ዕዳው የመንግሥት ነው፤ ዕዳው ሳይከፈል ገበሬውን መውቀስ አያምርም። ነገር ግን እስቲ እንተዛዘብ፤ የዚያን ቀን የተተኮሰው ከየትኛው ጠላት አዳነን? ጥይት ካነሰን ለምን ሙሽራ ስናስገባ እንጨርሰዋለን? ካልፈጀነው መሙላቱስ ለምን ያስፈልጋል?

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማምረትን ይከለክላል። ልጁ ግን ከዐዋጅ ይልቅ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «የሽንኩርትህን ማጠጫ ፓምፕ ማን ይጠግነዋል?» አልኩት።

«እኔው ነኝ።»

«በስንት እጅ?»

ዝም አለ።

ስንነሳ አንዱ ሕፃን ቀለሃውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያፏጭበት ነበር። ለባዶ ቀለሃ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላየሁም።