ደም የማይነግረን ታሪክ

ማዳጋስካር ለአፍሪካ ብትቀርብም፣ የቋንቋዋ የቅርብ ዘመድ ያለው ህንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ በቦርኒዮ ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት፣ ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዲኤንኤ መርምሮ፣ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ደሴቲቱን ያቀኑት እናቶች 30 ያህል እንደነበሩና አብዛኞቹም ከኢንዶኔዥያ እንደመጡ ገምቷል። ሌሎች ጥናቶች የምሥራቅ አፍሪካ ወላጆችንም አሳይተዋል።

እስቲ ደግሞ የሕዝቡን የቀናት ስም ያዳምጡ፦ አላሃዲ፣ ታላታ፣ አላካሚሲ፣ ዙማ። በዐረብ አገር ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደሉም፤ እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ናቸው። ከዐረብኛ የተወረሱት እነዚህ ቃላት በእናት ዲኤንኤ ውስጥ አይገኙም፤ ቃል ያለ ጋብቻም፣ በንግድና በትምህርት ይተላለፋልና።

ደም ማን ከማን እንደተወለደ ይነግረናል፤ ማን ከማን እንደተማረ ግን አይነግረንም። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ከላቦራቶሪው ውጤት ጎን ቋንቋውም ይመስክር።