ሕፃንን ሕንፃ አያሳድገውም

በካርቱም የሚገኘው የማይጎማ ሕፃናት ማሳደጊያ በ1961 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው ተጥለው የተገኙ ጨቅላዎችን ተቀብሎ በሕይወት ለማቆየት ነው። ከ1998 እስከ 2003 ድረስ ወደ 2,500 ያህል ሕፃናት ገቡበት፤ ከእነዚህ ውስጥ 2,100 ያህሉ ሞቱ። በእነዚያ ዓመታት በከተማው ውስጥ ጦርነት አልነበረም። ቤቱ ጣሪያ፣ አልጋ፣ ወተትና ደመወዝተኛ ነበረው።

ይህን ቁጥር ማስቀደም ያስፈለገው ዓለም ማይጎማን ያወቀው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሞት ስለሆነ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ሲፈነዳ በቤቱ 400 ገደማ ሕፃናት ነበሩ። በስድስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 50 ያህሉ መሞታቸው ተዘገበ። አብዛኞቹን የገደለው ጥይት አልነበረም። ሞግዚቶቹ በተኩሱ ምክንያት ወደ ሥራ መምጣት አቃታቸው፤ በየሦስት ሰዓቱ መጥባት የነበረባቸው ጨቅላዎች ጡጦ የሚይዝላቸው እጅ አጡ፤ በረኀብ፣ በሰውነት ፈሳሽ ማለቅና በኢንፌክሽን አለቁ። በጁን ወር ወደ 300 የሚጠጉት ወደ ዋድ መዳኒ ከተማ ተወሰዱ፤ በዲሴምበር ውጊያው እዚያም ሲደርስ እንደገና ለመሸሽ ተገደዱ። የሕፃናቱን ሞት ለጦርነቱ ብቻ መስጠት ግን ከ1998 እስከ 2003 የሞቱትን መርሳት ነው። ጦርነቱ ያደረገው ቢኖር ድሮውንም ጥቂት የነበሩትን እጆች መቀነስ ነው።

በጎ አድራጊዎችም መንግሥታትም አጥብቀው የያዙት እምነት እንዲህ ይላል፤ የተጣለ ሕፃን የሚያስፈልገው ንጹሕ ቤት፣ በቂ ምግብና ሐኪም ነው፤ ፍቅር ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ተጨማሪ ነገር ነው። ይህ እምነት ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ሰባ ዓመት አልፎታል። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሬኔ ስፒትዝ በ1940ዎቹ ሁለት ተቋማትን አነጻጽሮ ነበር። አንደኛው ንጽሕናው የተጠበቀ፣ ሐኪም የሚጎበኘው፣ ነገር ግን አንዲት ነርስ ለስምንት ያህል ሕፃናት የምትደርስበት የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ሁለተኛው እስረኛ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው የሚንከባከቡበት የሴቶች ማረሚያ ቤት ነው። በ1946 ባሳተመው ክትትል በማሳደጊያው ከነበሩት 91 ሕፃናት 34ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ መሞታቸውን ገለጸ፤ በማረሚያ ቤቱ የሞተ አልነበረም። ጥናቱ በዛሬ መለኪያ ሲታይ ጉድለት አለው፤ ይህን ለመሸፈን መሞከር አይገባም። ጉድለቱን የሚሞላው ኋላ በቡካሬስት የተካሄደው ጥናት ነው። በሩማንያ ማሳደጊያዎች ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ እንዲሄዱ ተደረገ። በአራት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ሲለኩ በተቋም ለመቆየት ዕጣ የወጣባቸው አማካይ የአእምሮ ችሎታ ነጥባቸው 73፣ ወደ ቤተሰብ የሄዱት 81፣ ከወላጆቻቸው ያልተለዩት የአካባቢው ልጆች ደግሞ 109 ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት የተሻለ አገግመዋል። በሕፃን ዕድሜ የአንድ ወር መዘግየት ዋጋ አለው።

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ሕፃን ሲያለቅስ አንድ ሰው ይመጣል፤ ያው ሰው በሚቀጥለውም ጊዜ ይመጣል፤ ሕፃኑ ዓለም መልስ እንደምትሰጥ የሚማረው ከዚህ ድግግሞሽ ነው። በፈረቃ የሚለዋወጡ ሞግዚቶች የፈለገውን ያህል ደግ ቢሆኑ ይህን ሊሰጡ አይችሉም። ለሕይወትም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። ሕፃኑን የምታውቀው ሴት ዛሬ ከትናንት ያነሰ መጥባቱን፣ ዓይኑ መፍዘዙን፣ የዳይፐሩን መድረቅ ታያለች። ሃያ አልጋ የምትዞር ሠራተኛ ይህን የምታየው ሕፃኑ ከደከመ በኋላ ነው። ምግብና ፍቅር ተለያይተው በቅደም ተከተል የሚሰጡ ሁለት ነገሮች ናቸው ብሎ ማሰብ፣ የማይጎማን ሞት ካስከተሉት ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

ይህ ሁሉ ግን እናት ከልጇ አጠገብ ለአፍታ መራቅ የለባትም ወደሚል ክስ መጠምዘዝ የለበትም፤ ሠርታ የምታድር ሴትን ለመውቀስ በሳይንስ ስም የሚነገረው ብዙ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ በ1954 እና 1955 በካምፓላ አቅራቢያ 26 ቤተሰቦችን ስትከታተል፣ ከእናታቸው ሌላ በዘመድ የሚያዙ ሕፃናትም ጽኑ ቁርኝት ሲመሠርቱ አይታለች። በሱዳን ቤት ሐቡባ የምትባለው አያት፣ አክስትና ታላቅ እኅት ልጁን ይቀባበሉታል፤ በኢትዮጵያም እንዲሁ። ሕፃኑ የሚፈልገው ጥቂት፣ የሚታወቁና የማይለወጡ ሰዎችን ነው። በማሳደጊያ የጠፉት እነዚህ ናቸው።

ለማሳደጊያው የሚቆሙ ሰዎች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። የመጀመሪያው፣ ቤቱ ገንዘብና ባለሙያ ቢያገኝ ይስተካከላል የሚል ነው። በ2003 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ገብተው የሕክምናውን ይዞታ ማሻሻላቸው ሕይወት አድኗል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ሕክምና ግን ቋሚ ተንከባካቢን አይተካም። ሁለተኛው መከራከሪያ፣ በሱዳን ማኅበረሰብ ያለ ጋብቻ የተወለደን ልጅ የሚቀበል የለም ይላል። ይህን ያፈረሱት ራሳቸው የካርቱም ቤተሰቦች ናቸው። ከ2003 ጀምሮ የመንግሥት አካላት፣ ዩኒሴፍና ሆፕ ኤንድ ሆምስ ፎር ቺልድረን የተባለው ድርጅት የአማራጭ ቤተሰብ ፕሮግራም ሲጀምሩ፣ ጨቅላውን ወዲያው የሚቀበሉ የአስቸኳይ ጊዜ ቤተሰቦች ሠለጠኑ፤ የሃይማኖት ሊቃውንት የተጣሉ ሕፃናት በቤተሰብ እንዲያድጉ የሚደግፍ ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) ሰጡ፤ የልጁን የዘር ሐረግ ሳይለውጥ አሳዳጊነትን በሚፈቅደው በከፋላ ሥርዓት ብዙ ልጆች ቤት አገኙ። አማራጩ በተግባር ተፈትኖ ሠርቷል። ያም ሆኖ ማሳደጊያው አልተዘጋም፤ ጦርነቱ ሲጀመር እነዚያ 400 ሕፃናት አሁንም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ።

ሕንፃው የማይሞተው ለለጋሽ ስለሚመች ነው። ሊጎበኝ፣ ፎቶ ሊነሣ፣ ስም ሊጻፍበት ይችላል። በአንድ ሰፈር ጓዳ ውስጥ አንድ ጨቅላ ለታቀፈች ሴት የሚከፈል ወርኃዊ ድጎማ ይህ ሁሉ የለውም። ኢትዮጵያም የውጭ ጉዲፈቻን በ2018 በሕግ ስትከለክል በሕንፃና በቤተሰብ መካከል ተመሳሳይ ምርጫ ከፊቷ ተደቅኗል፤ በኦሮሞ ባህል የኖረው ጉዲፈቻ ልጅን በቤተሰብ የማሳደግ ልምድ ለአገሪቱ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

በማርች 2025 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ከተማዋን የመጠገን ጥያቄ ተነሥቷል። ማይጎማን እንደነበረ መልሶ መገንባት የጥገናው አካል መሆን የለበትም። ገንዘቡ መሄድ ያለበት ለአስቸኳይ ጊዜ ቤተሰቦች ሥልጠናና ድጎማ፣ ቤት ለቤት ለሚከታተሉ ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ የሕፃናቱን ዘመዶች ለማፈላለግ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሕፃኑን ከመጀመሪያ ቤተሰቡ የሚነጥለው ሕግ መነካት አለበት። የ1991 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 146 ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት ለፈጸመ ያላገባ ሰው 100 ጅራፍ፣ ላገባ ደግሞ በድንጋይ ተወግሮ መሞትን ይደነግጋል፤ በሴቷ ላይ እርግዝናዋ ራሱ በማስረጃነት ይቀርብባታል። ይህ አንቀጽ እስካለ ድረስ ልጇን ማሳደግ የምትፈልግ እናት እንኳ ሕፃኑን በሌሊት መንገድ ላይ ትታ ለመሸሽ ትገደዳለች።