ጠመንጃውን ዘፈንንለት፣ ቀለሃውን የሞላውንስ?

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ። ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ለአሮጌ ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ጥይት ያዘጋጃል። ማርቲኒ እንግሊዞች በስናይደር ፋንታ ያስታጠቁት፣ ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ሲስቡት የሚከፈት ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሰውየው ብራዚል የተሠራ የአደን ጠመንጃ የናስ ቀለሃ ገዝቶ፣ አንገቱን አጥብቦ፣ ቁመቱን ቆርጦ፣ ማርቲኒው እንዲጎርሰው አደረገ። ከሥር ያለው አስተያየት ሁሉ «ጥበበኛ እጅ» የሚል ነው።

እኛ ጎንደር ላይ በብረትና በእሳት የሚሠራውን ሰው ምን ነበር የምንለው? ቡዳ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጠመንጃ ሁሉ እኛ ዘንድ የመጣው ስሙ እየተጣመመ ነው። ስናይደር ሰናድር ሆነ፣ የፈረንሳዩ ፊዚ ግራ ውጅግራ ሆነ፣ ማንሊሸር ምንሽር ሆነ። ሰናድርን በሚገባ የተዋወቅነው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም እሮጌ ላይ በቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሲተኮስ ነው። ጠመንጃ አንዴ እጅ ከገባ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥይት ግን ተተኩሶ ያልቃል፤ ፋብሪካው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። በምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ መገበያያ እስከ መሆን የደረሰው ለዚህ ነው። ባዶው ቀለሃም አይጣልም ነበር። ተለቅሞ፣ በአገር ባሩድ ተሞልቶ፣ እርሳስ ተተክሎበት ወደ ዝናሩ ይመለሳል።

ይህን የድህነት ብልሃት ብቻ የሚያደርገው ካለ ፈረንሳይን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባውን ባሩድ ይዘው ለቤል የተባለውን ጠመንጃ ለማውጣት ሲጣደፉ አዲስ ቀለሃ ከባዶ ለመንደፍ ጊዜ አልነበራቸውም። የግራን 11 ሚሊ ሜትር ቀለሃ ወስደው አንገቱን ወደ 8 አጠበቡት። የማርቲኒው ጥይትም ቢሆን መነሻው የሰናድር ቀለሃ ነው። እነሱ ሲሠሩት ምሕንድስና፣ የእኛ ሰው ሲሠራው ግን ወሬ እንኳ አልሆነም።

በአምስቱ ዓመት ነገሩ ይብሳል። አርበኛው በየጫካው የያዘው ድብልቅልቅ ነው፤ ውጅግራም ቤልጂግም ምንሽርም አለ። ከጣሊያን የተማረከ የምንሽር ጥይት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 7.92 የሚጎርሰው ቤልጂግ ምን ያድርገው? ጄኔራል ናሲ ኅዳር 1934 ዓ.ም ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ለየጠመንጃው የሚስማማውን ጥይት መፈለግ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር። በፉከራችን የጠመንጃው ስም አለ፣ የተኳሹ ስም አለ። የባሩድ ወቃጩን ስም የሚነግረኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ ወለቃን ታልፋላችሁ። ማረሻችንም ማጭዳችንም ጦራችንም ከቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች እጅ ይወጣ ነበር። ቀን አሠርተናቸው ማታ «ዓይናቸው ይበላል» ብለን በር ዘጋንባቸው። እስከ 1983 ዓ.ም ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያው አብሯቸው ሄደ፤ መንገድ ዳር የቀረው የሸክላ ቅርጻ ቅርጽና ታፔላ ነው።

ጠመንጃውም እየሄደ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ ምንሽሮችና ቤልጂጎች ለሰብሳቢዎች ሲሸጥ ቆይቷል። ሰደፉ ላይ የተቀረጸ መስቀል ወይም የአማርኛ ፊደል ሲገኝ ገዢው ፎቶ አንስቶ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚያውቀው ሰው ያለው ምናልባት ዳባት ወይም ጃናሞራ ነው፤ የጠየቀው ግን የለም።

«በዚህ ሰዓት ስለ ጠመንጃ ይወራል ወይ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ክልሉ በተኩስ እየታመሰ፣ ለቅሶ ቤት እየበዛ። እኔም ጠመንጃ ይተኮስ አላልኩም። እንዲያውም ግድግዳ ላይ የአባቱ ውጅግራ ያለው ሰው እባክህ አትሞክረው። ያ አፈሙዝ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ በዛሬ ባሩድ የተሞላ ጥይት ሲጎርስ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የምለው ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ሲተገበር እንዲህ ያሉት የአያት ጠመንጃዎች ከክላሽ ተለይተው በቅርስነት ይመዝገቡ። የማይተኮሱ ይሁኑ፣ ባለቤቱ ግን አይቀማ፤ በፈቃዱ ለሙዚየም ቢሰጥ ስሙ ይጻፍለት። ፋሲል ግቢን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ አንድ ክፍል ውስጥ ሰናድሩን ከነቀለሃው፣ ከጎኑ የቀጥቃጩን ወናፍና መዶሻ ቢያይ ምን ይጎድላል?

እስከዚያው ግን መንግሥትን አንጠብቅ። ደባርቅ፣ ወገራ፣ ጭልጋ ያላችሁ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። የባሩዱን አሠራር አይደለም፣ እሱ ይቅር። ቀለሃውን የሚሞላው ማን ይባል ነበር፣ የየት ሰፈር ሰው ነው፣ ልጆቹ የት ገቡ? ስሙን ከሥር ጻፉልኝ።