የዩኒቨርስቲው ደብዳቤና «ተባረረ» የምትለው ቃል

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የፈተና ውጤት በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከሜልበርን ዩኒቨርስቲዎች ወደ አንዳንድ ተማሪዎች ኢሜይል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይላካል። አጻጻፉ እንደየዩኒቨርስቲው ይለያያል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ተመሳሳይ ነው፦ የትምህርትዎ ሂደት አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም፤ እንዲቀጥሉ የሚፈቀድበትን ምክንያት በጽሑፍ ያስረዱ የሚል ነው። በተለምዶ «ሾው ኮዝ» ይባላል። ደብዳቤው የመልስ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ተማሪው በሌለበት ይወስናል።

የሚያሳዝነው፣ በሐበሻው ቤት ይህ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ልጁ ያነበዋል፤ ይደነግጣል፤ ይዘጋዋል። በማግስቱ ቦርሳውን አንግቶ እንደ ወትሮው ከቤት ይወጣል። ቀኑን ፉትስክሬይ ቤተ መጻሕፍት ወይም አንዱ የገበያ ማዕከል ውስጥ አሳልፎ ማታ ይገባል። እናት «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትል «ደህና ነው» ይላል። እንዲህ ሆኖ ዓመት የሚሞላበት ጊዜ አለ። ወላጅ እውነቱን የሚሰማው የምርቃት ድግስ ማሰብ ሲጀምር ነው።

ለመሆኑ ልጁ የፈራው ምንድን ነው? «ተባረረ» መባልን ነው። አገር ቤት ይህች ቃል ከባድ ነበረች፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። በንጉሡም ሆነ በደርጉ ዘመን ዩኒቨርስቲዎቹ በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ማትሪክ አልፎ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ወይም ዓለማያ የገባ ልጅ የሰፈሩ ሁሉ ኩራት ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ተለጥፎ ነጥቡ ካልሞላ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል። ስድስት ኪሎ ውስጥ እንዲህ የደረሰበትን ተማሪ «ክሪስማስ ግራጁዌት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ በገና ተመረቀ ለማለት ነው። የዛሬው የሜልበርን ወላጅ ይህንን እያየ አድጓል። እርግጥ እዚያም ቢሆን ሪአድሚሽን የሚባል ነገር ነበረ፤ ተባርረው ተመልሰው በዲግሪ የወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይህንን ግን ለልጆቻቸው ሲያወሩ አይሰሙም።

አማርኛው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከተዋል እንጂ ነገሮቹ ለየቅል ናቸው። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከአማካሪ ጋር ተገናኝ፣ የምትወስደውን ትምህርት ቀንስ ይላል። ውጤቱ ካልተሻሻለ ለጊዜው መታገድ ይከተላል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ማመልከት ይቻላል። በኩረጃ ወይም በሥነ ሥርዓት ጉድለት መባረር ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው። በገዛ ፈቃድ ለአንድ ሴሚስተር ማረፍም አለ። በጊዜው ከተጠየቀ መዝገብ ላይ ጥቁር ነጥብ አይጥልም፤ ከሁሉም የሚረክሰው መንገድ እሱ ነው።

«በጊዜው» ሲባል ደግሞ ነገሩ በአንድ ቀን ይወሰናል። ሴንሰስ ዴት ይሉታል። በብዙዎቹ የሜልበርን ዩኒቨርስቲዎች ለመጀመሪያው ሴሚስተር ማርች 31፣ ለሁለተኛው ኦገስት 31 ላይ ወይም አካባቢ ይውላል። ከዚያ ቀን በፊት ትምህርቱን የጣለ ዕዳ የለበትም። በማግስቱ የጣለ ግን ክፍል ባይገባም፣ ፈተና ባይቀመጥም ይከፍላል። ሄክስ ያለው ዕዳው ይጻፍበታል። ዜግነት ያላገኘና በስደተኝነት ቪዛ ሳይሆን በቤተሰብ ቪዛ የመጣ ቋሚ ነዋሪ ደግሞ ሄክስ ስለማይሰጠው ከኪሱ ያወጣል። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሚውለው ልጅ፣ ስሙን ካላስወጣ፣ በየሴሚስተሩ የማይማረውን ትምህርት እየገዛ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መንግሥት የተማሪዎችን ዕዳ ሃያ በመቶ ቀነሰ ተብሎ ደስታ ሆነ፤ ቅነሳው ግን እንደዚያ በዝምታ የተቆለለውን ቀሪ ሰማንያ በመቶ አይነካውም።

ቀኑ ካለፈም በር አለ። ከተማሪው ቁጥጥር ውጭ የሆነ፣ ጫናው ከሴንሰስ ዴት በኋላ የከበደና ትምህርቱን ለመጨረስ ያላስቻለ ምክንያት ካለ፣ ዕዳው እንዲሰረዝ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ማመልከት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው የሐበሻ ልጅ የሚሸነፈው። የአቤቱታ ባህል እናትና አባቱ አውርሰውታል፤ «በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» ብሎ ይጀምራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሁለተኛ አይለመደኝም ብሎ ይጨርሳል። ኮሚቴው የሚፈልገው ልመና አይደለም። ምን ደረሰብህ፣ በየትኛው ወር፣ ማስረጃው የት አለ፣ አሁን ምን ተለወጠ፣ ከእንግዲህ እንዴት ልትማር አስበሃል ነው የሚለው። ልጁም ማስረጃ አጥቶ አይደለም። ከሰሜኑ ጦርነት ጋር፣ ከ2020 እስከ 2022፣ የቤተሰቡ ስልክ ተቋርጦ ወራት ያለ እንቅልፍ ያሳለፈ ተማሪ ነበር። በጁላይ 2020 የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ ሕንፃዎች በድንገት ሲዘጉ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ የተማረም አለ። አገር ቤት ያሳደገችው አክስቱ ሞታ ለቅሶ የተቀመጠው ልጅ፣ ቅጹ ላይ «አክስት» ብሎ ብቻ ሲጽፍ የሚያነበው ፈረንጅ የሩቅ ዘመድ ይመስለዋል። እናቱ ማለት እንደሆነች የሚገልጽ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደብዳቤ ቢያያዝ ነገሩ ይለወጣል። ይህንን በማዘጋጀት የሚረዱ ተሟጋቾች በየተማሪዎች ማኅበሩ አሉ፤ ዋጋ አይጠይቁም፤ ለዩኒቨርስቲው አስተዳደርም አያገለግሉም።

ጥፋቱ ሁሉ የቤተሰብ ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ፣ ከ2022 ጀምሮ በገቡ ተማሪዎች ላይ፣ ከወሰዷቸው ትምህርቶች ከግማሽ በላይ የወደቁትን የመንግሥት ድጋፍና የሄክስ ብድር ያሳጣ ነበር። መንግሥት ራሱ ባወጣው አኃዝ በሁለት ዓመት ውስጥ በ27 ዩኒቨርስቲዎች ከ13,000 በላይ ተማሪዎችን ነካ፤ አብዛኞቹ የድሃ ቤተሰብና የገጠር ልጆች ነበሩ። ከ2024 ጀምሮ ተሽሮ፣ በምትኩ እያንዳንዱ ዩኒቨርስቲ የሚደክሙ ተማሪዎችን ለይቶ የሚረዳበት ሥርዓት እንዲኖረው ተገደደ። መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ በማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ የሚላክ «እርዳታ ከፈለጉ ይጫኑ» እርዳታ አይባልም። ስልክ አንስቶ መደወል ብዙ ወጪ የለውም። ዩኒቨርስቲው ራሱ ያወጣውን ደንብ ካልጠበቀ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ሥራ የጀመረ ብሔራዊ የተማሪዎች እንባ ጠባቂ አለ፤ ማርክ አያስተካክልም፤ አሠራሩ ትክክል መሆኑን ግን ይመረምራል።

አንዳንድ ወላጆች «ለምን ለእኛ አይነግሩንም?» ይላሉ። ከገቢያቸው ቆርጠው፣ ሌሊት ጽዳት ሠርተው ላሳደጉ ሰዎች ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ግን አይሆንም ነው፤ መሆንም የለበትም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ጉዳዩ የራሱ ነው፤ ሕጉም እንደዚያ ይላል። ደግሞስ ደብዳቤው ለአባት ቢላክ ልጁ የሚያገኘው ምክር ነው ወይስ ቁጣ? ኢንጂነሪንግ ወይም ፋርማሲ ካልሆነ ትምህርት አይደለም ተብሎ የገባ ልጅ፣ መውደቁን ሊናገር የሚችለው «ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ነው። ቪክቶሪያ ዩኒቨርስቲና አርኤምአይቲ ቴፍንም ዩኒቨርስቲንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተምራሉ፤ በሙያ ተምሮ ተመልሶ ዲግሪ የሚገባበት መንገድ አለ። ይህ መንገድ በሐበሻ ድግስ ላይ ሲነሳ ብዙ አይሰማም።

በተማሪ ቪዛ ላይ ያሉት ጉዳይ ይለያል፤ ይከብዳልም። ዩኒቨርስቲው ሪፖርት ሊያደርግ ማሰቡን ካሳወቀበት ጊዜ አንስቶ ይግባኝ ለመጀመር ያላቸው 20 የሥራ ቀናት ነው። ዝም ማለት ለእነሱ ቪዛ ማጣት ሊሆን ይችላል።

በየዓመቱ መጨረሻ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ጥሩ ኤታር ያመጡ ልጆችን አስነስተው ይሸልማሉ። ይቀጥል። አንድ ምሽት ደግሞ በማርች መጀመሪያ፣ ከሴንሰስ ዴት በፊት፣ ታግዶ ተመልሶ የተመረቀ አንድ ሰው ከአንድ የተማሪዎች ማኅበር ተሟጋች ጋር ቢጋበዝና ወላጆችም ልጆችም አብረው ቢያዳምጡ፣ አዳራሹም ያው ነው፣ ሻይ ቡናውም ያው ነው።